መንገድ የተከራየሁበት ቀን

ሚስቴ ቤታችን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አላት፦ «እሱ ከሚያወራው ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙ።» እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ «ጅብ አባረረኝ» ብዬ የጀመርኩት ወሬ ዓመት ሳይሞላው ጅቦቹ ሰባት፣ አባራሪውም እኔ ሆኜ አርፌያለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁን ግን ምንም ሳትቀንሱ ስሙኝ። በሕይወቴ ላጋንነው ሞክሬ ያቃተኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተቀጣጠለበት ሰሞን ነበር። እኔ ያኔ አርባዎቹን ገና የጀመርኩ፣ ሆዴ ከቀበቶዬ ጋር ያልተጣላ፣ የማሽን ኪራይ ሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። «ማሽን አከራያለሁ» ስል ሰው ሀብታም ይመስለዋል። ማሽኖቹ የሐጂ ናቸው። ሐጂ ፉሪ ላይ ግቢ አላቸው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ቢጫ ሎደር፣ ሮለሮች፣ ሚክሰሮች፣ ጄኔሬተሮችና የውኃ ፓምፖች ይደረደራሉ። የእኔ ሥራ እነዚህን ብረቶች ግቢው ውስጥ እንዳያድሩ ማድረግ ነው። ሰኞ ሰበታ፣ ማክሰኞ ቡራዩ፣ ረቡዕ ሱሉልታ እየዞርኩ መሠረት የሚቆፍር ሰው አሸታለሁ። በዚያ ዘመን አፍንጫዬ ከአሥር ኪሎ ሜትር ላይ እርጥብ ሲሚንቶ ይለይ ነበር።

ሥራው ሲሞቅ እንደ ሠርግ ነው፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ሰልስት። ሲሞቅ፣ ቡራዩ ላይ ለቤት ግንባታ ያከራየሁት ሚክሰር የጤፍ ሊጥ እየሸተተ ተመልሶልኛል፤ ሰውየው ልጁን ሲድር ለሠርጉ ቡኮ አቡክቶበታል። ሱሉልታ ላይ ለአንድ ሠርግ የሰጠሁት ጄኔሬተር ደግሞ ሙሽሮቹ ልጅ እስኪወልዱ ድረስ አልተመለሰም። ሲቀዘቅዝ ግን ከተከራይ ይልቅ ተሳዳቢ ይበዛል። ያን ሰሞን ደግሞ ሥራው ከመቀዝቀዝም አልፎ በረዶ ሆኖ ነበር። ገበሬው «መሬቴ በፕላን ስም ልትሄድ ነው» ብሎ ተነሥቷል፤ ሎደር ያየ ሁሉ ማሳውን ሊገለብጡበት የመጡ ይመስለዋል። አልፈርድም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ቢጫ ቀለም የተቀባ ነገር ሁሉ፣ ሙዝ ሳይቀር፣ ያስደነግጠኝ ነበር።

ስለ ሐጂ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ ይጠቅማችኋል። ማሽን ሲመለስ ማንንም አያምኑም። ራሳቸው ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ሎደሩ አፈር የሚዝቅበትን የባልዲውን ጥርስ ይዳብሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ያያሉ። ከዚያ ቀና ብለው ሁሌም አንዲት ነገር ይላሉ፦ «ኪራይ ማለት እንደወሰድክ መመለስ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።» ወሬ ሲሉ ወደ እኔ ያያሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሁከት እያለ፣ ከሰበታ ወዲያ በጅማ መንገድ ተጂ ሳይደርስ የዶሮ እርባታ ሊሠራ ያሰበ ሰው አገኘሁና ሎደሩን አከራየሁት። ሐጂ «ይቅርብን» ብለው ነበር። እኔ ነኝ ዶሮ ፖለቲካ እንደማታውቅ ለግማሽ ቀን ያስረዳኋቸው። በመጨረሻ ደክሟቸው እሺ አሉና «ይህ ሎደር ካልተመለሰ አንተም እንዳትመለስ» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሳምንት ሳይሞላ የተከራዩ ስልክ ጠፋ። ቀጥሎ ኔትወርኩ ራሱ ጠፋ። በበነጋው ጎሕ ሲቀድ የሐጂን ፒክአፕ አስነሥቼ ወደ ሳይቱ ገሰገስኩ። ሰበታን ሳልፍ መንገዱ ባዶ ነው፤ ውሻ እንኳን የለም። በስፖኪዮ ዞር ብዬ ሳይ ግን ከኋላዬ ወጣቶች ድንጋይ እያንከባለሉ ወደ አስፋልቱ ሲወጡ አየሁ። እኔ ባለፍኩ ቁጥር መንገዱ ከኋላዬ ይዘጋል። ወደ ወጥመዱ በሰዓት ሰማንያ እየነዳሁ የገባሁ የመጀመሪያው አይጥ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሳይቱ ስደርስ ተከራዩ የለም። ያለው ታሜ ብቻ ነው። ታሜ የሎደሩ ኦፕሬተር ነው፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ጠዋት ከሎደሩ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው።

«የዶሮው ሰውዬስ?»

«ትናንት ማታ ወጣ። ‹ማሽን ያለበት ግቢ እየተቃጠለ ነው፣ ራሳችሁን አድኑ› አለኝ።»

«አንተስ ለምን አልወጣህም?»

ወደ ሎደሩ አየ። መልሱ ያ ነበር።

ግቢው ውስጥ ለዶሮዎቹ ሊነጠፍ የተገዛ የጤፍ ጭድ ተከምሯል። የሽያጭ አእምሮዬ ወዲያው በራ። ሎደሩን ጭድ ማልበስ! መንሽ ይዘን ላባችን እስኪንጠፈጠፍ አለበስነው። ስንጨርስ ራቅ ብዬ ቆሜ አደነቅኩት። ከሩቅ ሲያዩት የጭድ ክምር ነው። ከቅርብ ሲያዩት ጎማ ያለው የጭድ ክምር ነው።

«ጋሼ፣ ቢጫው ይታያል» አለ ታሜ።

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ።»

ይህን እየተነጋገርን እያለ በአጥሩ ቀዳዳ ሁለት ሴቶች ገቡ። አንደኛዋ ወጣት ናት፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፤ ጋዋኗ ላይ ደም አለ። ሌላዋ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ እናት ናቸው። በእጃቸው ቀጭን ረጅም በትር ይዘዋል።

«አካም ቡልተን» አልኳቸው፣ እንደምን አደራችሁ ለማለት፤ ከኦሮምኛዬ ውስጥ ያለ ስህተት የምላት እሷን ብቻ ስለሆነ።

ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀብለው ክምሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ጭድ ጎማ አለው እንዴ?» አሉኝ በአማርኛ።

አደ ጫልቱ ይባላሉ፤ «አደ» እንደ ወይዘሮ ነው። ቤታቸው ከግቢው ጀርባ ነው። ልጃቸው ለሊሴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ንግግር አላስረዘመችም፦

«ልጁ አልዞረም። ደም እየፈሰሳት ነው። ሰበታ ሆስፒታል ካልደረሰች እጄ ላይ ትሞታለች።»

«ፒክአፕ አለኝ» አልኩ። «ቁልፉ ይኸው። እኔው እነዳዋለሁ፣ አሁኑኑ!»

«ፒክአፕህ በድንጋይ ላይ ይበራል?» አሉ አደ ጫልቱ። «መንገዱን እኮ አይቼዋለሁ። ሰው የማያነሣው ድንጋይ ነው ያለው። ይሄኛው ግን ያነሣል።» በትራቸውን ወደ ክምሩ ቀሰሩ። «ጭዱን አውርዱለት።»

እንግዲህ አስቡት። ሎደር የሚቃጠልበት ቀን ነው። እኔ ሎደር ደብቄ ነው ላቤ የሚንጠፈጠፈው። አሁን ይህን ነገር አስነሥቼ፣ የተዘጋ መንገድ ላይ አውጥቼ፣ ሰው ከጎሕ ጀምሮ ተሸክሞ የደረደረውን ድንጋይ ልገለብጥ ነው! አፌን ከፍቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሐጂ፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ሎደር ሲቃጠል ውስጡ ያለ ሰው ስለሚሆነው ነገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሰላ ንግግር አድርጌ አላውቅም። የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ዞር ብዬ ሳይ ታሜ መንሹን ይዞ ጭዱን እያወረደ ነው። ግማሹን አውርዶታል።

ለሊሴን በፍራሽ አድርገን ፒክአፑ ጀርባ ላይ ጫንናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን ሳነሣት ዓይኗን ገልጣ «ልብስህን አበላሸሁብህ» አለችኝ። እናቷና የጤና ኤክስቴንሽኗ አጠገቧ ወጡ። ታሜ በሎደሩ ፊት ፊት፣ እኔ በፒክአፑ ከኋላ ሆነን ወጣን። ከጎማው ላይ ገና ጭድ እየረገፈ ነው።

የመጀመሪያው መዝጊያ ጋ የደረስነው ወዲያው ነው። ከድንጋይ ማውጫ ካባ የመጡ ድንጋዮች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል፤ አንዳንዱ የሳሎኔን ሶፋ ያክላል። ሎደሩን ሲያዩ ከግራና ከቀኝ ወጣቶች ፈሰሱ። «ዻቢ! ዻቢ!» ቁም ማለት ነው፤ ባልችልም ይገባኝ ነበር፣ ምክንያቱም አንዱ የናፍጣ ጀሪካን ይዟል።

እጄን ወደ ላይ አድርጌ ወረድኩ። ቀይ ሹራብ የለበሰ ወጣት ወደ እኔ መጣ። መሪያቸው እሱ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሌሎቹ ሲጮኹ እሱ አይጮኽም።

«ፋዘር፣ ይቺን ማሽን ወዴት ነው የምትወስዳት? የማንን መሬት ልታርስ ነው?»

«ምጥ የያዛት ሴት ጭኛለሁ።»

አላመነኝም። ሄዶ ፒክአፑን አየ። ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እሷን ተሸክመን እናሳልፋት። ማሽኑ ግን ይቀራል።»

«ከዚያስ? ሰበታ ድረስ በትከሻ ልትወስዷት ነው? ከፊት ሌላ መዝጊያ የለም?»

«አለ።» ወደ ድንጋዮቹ ዞር አለ። «መንገዱን ከከፈትነው ግን እነሱ ይገቡበታል።» እነሱ እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ጠመንጃ የያዙ ሰዎችን የጫነ መኪና በዚያ ሰሞን ስም አያስፈልገውም ነበር።

ከፒክአፑ ላይ የለሊሴ ጩኸት መጣ። በዚህ ጊዜ ምን እንደምል ሳላውቅ አፌ በልማዱ ሥራውን ጀመረ።

«ክፈቱልኝ አላልኩም እኮ» አልኩ።

«እና ምን አልክ?»

«አከራዩኝ!»

ከኋላ አንዱ ፍርስ ብሎ ሳቀ።

«ምኑን?»

«መንገዱን ነዋ! እኔ የኪራይ ሰው ነኝ። ኪራይ ማለት እንደወሰድክ መመለስ ነው። ሎደሩ ድንጋዩን አንሥቶ ያሳልፈናል፤ ከዚያ ይዞርና አንድ ባንድ ቦታው ይመልሰዋል። ስንሄድ መንገዳችሁ እንደተዘጋ ታገኙታላችሁ።»

«ኪራዩስ?» አለ ጀሪካን የያዘው።

«ወንድ ከተወለደ ስምህን እናወጣለታለን። ሴት ከሆነች ደግሞ ይቺን ጀሪካን ካስቀመጥክ እናስብበታለን።»

ብዙዎቹ ሳቁ። ቀይ ሹራቡ አልሳቀም።

«እንደነበረ ትመልሳለህ?»

«እንደነበረ።»

«አንዲት ድንጋይ ብትጎድል?»

«መያዣው ይኸው» ብዬ ሎደሩን አሳየሁት። የሐጂን ሎደር፣ ሐጂ ሳይሰሙ፣ በድንጋይ አስያዝኩት።

ታሜ ባልዲውን ዝቅ አድርጎ ገባ። ድንጋዮቹን ወደ ዳር አወጣ፣ አለፍን። ከዚያ ሎደሩ ዞረና መመለስ ጀመረ። ቀይ ሹራቡ ደግሞ፣ ወላሂ አላጋነንኩም፣ ልክ እንደ ሐጂ ዙሪያውን እየዞረ ይፈትሻል! «ይቺ እዚህ አልነበረችም። ያቺ ጠፍጣፋዋ ፊቷ ወደ ሰበታ ነበር። ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው? በዚህ ሞተርሳይክል ያልፋል።» ታሜ አንዷን ድንጋይ ሦስት ጊዜ አነሣት። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ከኋላዬ የምትጮኸው ልጅ ግን ጩኸቷ እየቀጠነ ነው። በመጨረሻ ቀይ ሹራቡ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሆናል። ሂዱ!»

ዞር ስል ቀይ ሹራቡ ፈረስ ላይ ወጥቶ በማሳው አቋርጦ ሲጋልብ አየሁት። ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም። ሐሳቡን ቀይሮ ሰው ሊጠራብን ነው ብዬ ነዳጁን ረገጥኩ።

ሁለተኛው መዝጊያ ትልቅ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። እዚያ የነበሩት ሰዎች ፊት ሌላ ነው። ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም፤ ግን የሆነ ነገር ደርሶባቸዋል። አንድ የተቃጠለ መኪና ከዳር ይጨሳል። እኔ ከፒክአፑ ወርጄ «መንገዱን አከራ…» ከማለቴ ድንጋይ ዘነበ። የሎደሩ መስታወት ተሰባብሮ ወረደ። ታሜ ግንባሩ ደማ። አፌ፣ ያ እንኳን ለሰው ለግድግዳ ሮለር የሚያከራይ አፌ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆለፈ። አንዲት ቃል አልወጣ አለኝ። ጎማው ሥር ተወሸቅኩ።

አደ ጫልቱ ከፒክአፑ ወረዱ።

አልሮጡም። አልጮኹም። ያቺን ቀጭን በትር በሁለት እጃቸው ከፊታቸው ይዘው በሚወርደው ድንጋይ መሐል መራመድ ጀመሩ። በትሯ ሲንቄ ትባላለች። ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ የምትሰጣት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ታኖራታለች። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በጠብ መሐል ከቆመች ወንድ አልፏት አይሄድም፣ አይማታም። ይህን ከዚያ በፊት በወሬ ሰምቼው ነበር። ወሬን ደግሞ እኔ ራሴ ስለማመርተው አላምነውም።

ሎደሩ ፊት ደርሰው ቆሙ። አንድ ድንጋይ እግራቸው ሥር ወድቆ ነጠረ። ንቅንቅ አላሉም። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ዝግ ባለ ድምፅ ነበር፣ ከቃሉ ውስጥ «ሀዻ» የሚለውን ብቻ ለየሁ፣ እናት ማለት ነው። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ካለው ቤት አንዲት አሮጊት የራሳቸውን በትር ይዘው ወጡ። ቀጥሎ ከማዶው ቤት ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ማንም ማንንም አልጠራም። ሊጥ በእጇ የደረቀ ሴት፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ አንዷ በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ፣ እየመጡ ከአደ ጫልቱ ጎን ቆሙ። ከሎደሩ እስከ ግንዱ ድረስ የሴት አጥር ሆነ።

አጠገቤ የነበረ አንድ ጎረምሳ በእጁ የያዘውን ድንጋይ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። አልወረወረውም፣ አልጣለውም፤ የሚነቃ ሕፃን ይመስል አስቀመጠው። ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የሎደሩ ሞተር ብቻ ነው።

ታሜ ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ግንዱን አነሣ። አለፍን። እኔ ከዚህ በኋላ የቀረው ወደፊት መብረር ነው ብዬ ፒክአፑ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ማንም መልሱ አላለንም፤ ኪራይ የሚለውን ቃል እንኳን የሰማ የለም። አደ ጫልቱ ግን በመስኮቴ በኩል መጡ።

«ግንዱን መልሱት።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ለሊሴ መጮኽ አቁማ ነበር። ከጩኸቷ ዝምታዋ ይከብዳል።

«አደ፣ ልጅዎ እየሞተች ነው! አንድ ደቂቃ እንኳን…»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የወለድኳት።» እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ። «እንመልሳለን ብለህ ነው ከቤቴ ወዲህ ያለውን የመጀመሪያውን መዝጊያ ያለፍከው። ከኋላችን ደግሞ ሌላዋ ምጥ ይዟት ትመጣ ይሆናል። እኛ አታለን ካለፍን ለእሷ ማን ይከፍትላታል?»

ታሜ ከላይ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ ሎደሩ ዞረ። ያ ግንድ ተነሥቶ ቦታው እስኪቀመጥ ያለፈውን ጊዜ በሰዓት አትጠይቁኝ፤ እኔ በዚያ መሐል አርጅቻለሁ። አደ ጫልቱ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ሲንቄዋን ልጅቷ እጅ ውስጥ ከተቷት፣ ጣቶቿንም በላዩ ላይ አጠፏቸው። ጨርሰን ስንንቀሳቀስ ድንጋይ ሲያዘንቡብን የነበሩት ልጆች በሩጫ ፒክአፑን እየገፉ ሸኙን። መኪናው መገፋት አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ የሰበታ መግቢያ መጣ።

ጠዋት ሳልፍ ምንም ያልነበረበት ቦታ አሁን ጭስ ነው። ጎማ ይነዳል፤ ከጭሱ ወዲያ የሰው ብዛት ዳርቻ የለውም። እዚህ ላይ ሚስቴ ብትኖር «ግማሹን ቀንሱ» ትል ነበር፤ ግማሹም ቢቀነስ ዳርቻ የለውም። የመጀመሪያውን በቀልድ አልፈናል፣ ሁለተኛውን በሴቶቹ። ይህን በምን? ታሜ ፍጥነቱን ቀነሰ። ባልዲውን ዝቅ አድርጎ ድንጋዩን ለማንሣት ተዘጋጀ። ጭሱን ጥሰን ገባን።

ድንጋይ የለም።

መንገዱ መሐል ለመሐል ተከፍቷል። ድንጋዩ ሁሉ ወደ ዳርና ዳር ወጥቷል፤ እነዚያን ትላልቆቹን ድንጋዮች በእጅ ነው ያነሷቸው፣ የብዙዎቹ መዳፍ ሲደማ አይቻለሁ። ወጣቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ቆመዋል። የዚያ ሰሞን የተቃውሞ ምልክታቸው ነው። በሌላ ጊዜ መፈክር ይከተለዋል። ያን ቀን ግን አንድም ድምፅ አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ነው የቆመው። አንዲት ሴት ብቻ በአማርኛ «ማርያም ታውጣሽ፣ ማርያም ታውጣሽ» ስትል ሰማሁ፤ ከጎኗ ያለው ባለ ኮፍያ ሙስሊም ሽማግሌ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ሙሴ ባሕር ሲከፍት አልነበርኩም። ድንጋይ ሲከፈት ግን ነበርኩ።

በሰልፉ ጫፍ ላብ ያጠመቀው ፈረስ ቆሟል። አጠገቡ ቀይ ሹራቡ። ለካ በማሳው አቋርጦ የጋለበው ወደዚህ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ መሆኑን አውቆ።

በመስኮቴ ብቅ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ በአደ ጫልቱ ፊት ሁለተኛ ላለማፈር ብዬ፣ «ይዞራል፣ ሎደሩ አሁን ዞሮ ይመልስላችኋል» አልኩት።

ሹራቡን እያወለቀ ወደ ፒክአፑ ጀርባ ሄደና ለሊሴን አለበሳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ኩን ኪራ ሚቲ» አለ። ያልገባኝ መስሎት ደገመልኝ። «ይሄ ኪራይ አይደለም፣ ፋዘር። ሂዱ። እኛው እንመልሰዋለን።»

ስናልፍ በስፖኪዮ አየሁ። ክንዳቸውን አውርደው ድንጋዩን በእጃቸው እያነሡ ወደ ቦታው ሲመልሱ ነበር። መንገዱ ከኋላችን ተዘጋ። እያለቀስኩ እንደምነዳ ያወቅኩት ዋይፐሩን ከፍቼ ምንም ለውጥ ሳጣ ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሐኪሞቹ ለሊሴን ወዲያው ኦፕራሲዮን አስገቧት። እኛ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥን። ታሜ ግንባሩን ተሰፍቶ መጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የጤና ኤክስቴንሽኗ ብቅ አለች። ገና ከበሩ ሳትወጣ በፊቷ አወቅነው። ሴት ልጅ! ሁለቱም በሕይወት አሉ። አደ ጫልቱ እልል አላሉም። ያን ሁሉ መንገድ ቀጥ ብለው የመጡት ሴት ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ፤ እዚያው ላይም እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

መንገድ እስኪከፈት ሎደሩ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሞ ከረመ። ያ ሁሉ ነገር ሲቃጠል እሱን ማንም አልነካውም። ይልቅ አንድ ጠዋት ስንመጣ ባልዲው ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዞበት፣ ጥርሶቹ በሙሉ ቅቤ ተቀብተው አገኘነው። አደ ጫልቱ ናቸው። ወላድን እንደሚቀቡ ቀብተውታል።

ፉሪ ግቢ ስንገባ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰላምም አላሉኝ፤ ቀጥታ ወደ ሎደሩ። ዞሩት። ጎማውን መታ መታ አደረጉ። የተሰበረውን መስታወት አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ የባልዲውን ጥርስ ዳበሱ። እጃቸውን አነሡ፣ አሸተቱት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ከጭዱ ጀምሬ እስከ ቅቤው ነገርኳቸው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ ታሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ምስክሬ ነው። ሐጂ ያቺን የቅቤ እጃቸውን ያዩዋታል።

«እንደወሰድክ መልሰሃል?» አሉ።

«መስታወቱ ጎድሏል ሐጂ።»

«የጎደለውን አይቻለሁ። በዚህ ሥራ ሳለሁ ስንት ማሽን ጎድሎ ተመልሶልኛል።» መዳፋቸውን ቀስ ብለው ጺማቸው ላይ አበሱት። «ተጨምሮበት ሲመለስ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።» ወደ ዘበኛው ዞሩና ባልዲውን ማንም ሰው እንዳያጥበው አዘዙ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን በኋላ መቀለድ አላቆምኩም፤ ሚስቴም ማስጠንቀቋን አላቆመችም። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። «ኪራይ ማለት እንደወሰድክ መመለስ ነው» የሚለውን የሐጂን ቃል ዕድሜ ልኬን ለማሽን የተባለ አድርጌ ነበር የምሰማው። እኔ ራሴ በዚያ መዝጊያ ላይ የተናገርኩት አምኜበት አልነበረም፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የሸጥኩት። አንዲት እናት ግን እኔ የሸጥኩትን ወሬ ገዝታ፣ ልጇ እየሞተችባት፣ ቃል አደረገችው። እስካሁን ሳስበው ያፈዘኛል።

አሁን የራሴ ጥቂት ማሽኖች አሉኝ። ተከራይ ቁልፍ ሲቀበል ብዙ ጊዜ ይጠይቀኛል፦ «እንዴት አድርጌ ልመልስልህ?»

«ከኋላህ ምጥ የያዛት ሴት እንደምትመጣ አድርገህ» እለዋለሁ።

ይስቃል። ቀልዴን ስለሚያውቅ ይስቃል። እኔ አልስቅም።